የብረት አንሺው ማዕድ፦ ስለ ጉልበት፣ ስለ ጥራጥሬና ስለ ጾም ወራት

ክብደት ማንሳትን፣ ሰውነት ግንባታንና ትግልን በመሳሰሉ የጉልበት ስፖርቶች የሚሳተፍ ሰው ምን ይብላ የሚለው ጥያቄ በከተማ ጂሞች ውስጥ ሲነሣ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች አያልፍም፦ ሥጋ፣ እንቁላልና በትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጥ የፕሮቲን ዱቄት። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ግን ረቡዕንና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን፣ የነቢያትን፣ የሐዋርያትንና የፍልሰታን ጾም ሲቆጥር በዓመት 180 ያህል ቀን፣ ካህን ከሆነ ደግሞ እስከ 250 ቀን ድረስ ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ተዋጽኦ ይታቀባል፤ በገበያ ያለው የፕሮቲን ዱቄትም በአብዛኛው ከወተት አጓት የሚዘጋጅ በመሆኑ፣ የዋጋው ነገር ይቅርና፣ በጾም ቀን ከሥጋና ከእንቁላል አይለይም። በዚህም የተነሣ ብረት የሚያነሱ ብዙ ወጣቶች ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር ከሁለት አንዱን መምረጥ ያለባቸው ይመስላቸዋል፤ ወይ ልምምዱን አቁመው ትንሣኤን ይጠብቃሉ፣ ወይ ጾሙን ይሽራሉ። የዚህ ዲስኩር ዓላማ ይህ ምርጫ ከተሳሳተ ስሌት የመጣ መሆኑን ማሳየት ነው፤ ጡንቻን ለማሳደግ የሚያስፈልገው ነገር በጾም ጓዳ ውስጥ አይጠፋም፣ የሚጎድለው መጠኑ ነው።

ሥጋ የጉልበት ምንጭ ነው የሚለው እምነት እጅግ የቆየ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብ ኢጣሊያ በምትገኘው የግሪኮች ከተማ በክሮቶን የኖረውና በኦሊምፒያ ጨዋታዎች በትግል ደጋግሞ ያሸነፈው ሚሎ፣ በቀን ከ8 ኪሎ በላይ ሥጋና ያንኑ ያህል ዳቦ ይበላ እንደነበር ከእርሱ ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የተነሡ ጸሐፊዎች ተርከዋል፤ ተረቱን ማንም እንደ እውነት እንዲቀበለው ባይጠበቅም፣ ጠንካራ ሰው ሥጋ በል ነው የሚለውን ሥዕል ግን በደንብ ያሳያል። ከዚህ በተቃራኒ የሮም ግላዲያተሮች፣ ማለትም በሕዝብ ፊት እየተፋለሙ የሚኖሩት ተዋጊዎች፣ በዘመናቸው ሰዎች ዘንድ ይታወቁበት የነበረው ቅጽል ስም «ገብስ በሎች» የሚል ነበር። በዛሬዋ ቱርክ ግዛት በምትገኘው በኤፌሶን በ1993 እ.ኤ.አ. የእነዚህ ተዋጊዎች መቃብር ተገኝቶ፣ በኋላም የቪየናና የበርን ተመራማሪዎች አጥንታቸውን መርምረው በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ምግባቸው በአብዛኛው እህልና ጥራጥሬ እንደነበር አመልክተዋል። በሶና ባቄላ የጉልበት ሰው ምግብ መሆኑ እንግዲህ በኢትዮጵያ ገበሬ ማሳ ላይ ብቻ የታየ ነገር አይደለም።

በዘመናዊው ሳይንስ ውስጥ ደግሞ የሥጋን ክብር ከፍ ያደረገው ታዋቂው የጀርመን ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ነው፤ እርሱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጡንቻ ሲሠራ የሚያቃጥለው ነዳጅ ራሱ ፕሮቲን ነው ብሎ አስተማረ፤ ትምህርቱም ለረጅም ጊዜ ብዙ ተከታይ ነበረው። ይህን ሐሳብ የፈተኑት በዙሪክ ይሠሩ የነበሩት ፊክና ቪስሊቼኑስ የተባሉ ሁለት ምሁራን ሲሆኑ፣ በነሐሴ ወር 1865 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ የሚገኘውን የፋውልሆርን ተራራ ወጡ። ከጉዞው አስቀድሞ ጀምረው ፕሮቲን ያለበትን ምግብ ሙሉ በሙሉ አቁመው ከስታርችና ከስብ በተጋገረ ቂጣ፣ ስኳር በገባበት ሻይና በመሳሰለው ብቻ ቆዩ፤ ሽንታቸውንም እያጠራቀሙ በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ለኩ። ናይትሮጅን በፕሮቲን ውስጥ እንጂ በስታርችና በስብ ውስጥ የሌለ ንጥረ ነገር በመሆኑ፣ ሰውነት ምን ያህል ፕሮቲን እንዳቃጠለ ከሽንት ውስጥ ይነበባል። ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋውን አቀበት ለመውጣት ያስፈለገው ሥራ ከተቃጠለው ፕሮቲን ሊገኝ ከሚችለው ኃይል እጅግ የበለጠ ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህ የጡንቻ ዋና ነዳጅ ሌላ፣ ማለትም ስታርችና ስብ መሆኑ ተረጋገጠ። ከ150 ዓመት በላይ ያለፈው ይህ ግኝት ወደ ጂም በር ዘልቆ ለመግባት እስካሁን መቸገሩ ግን የሚያስገርም ነው፤ እንጀራውን እየቀነሰ ሥጋውን እየጨመረ ከባድ ብረት ለማንሳት የሚታገል ወጣት የሊቢግን ትምህርት ሳያውቀው ይከተላል።

ፕሮቲን ነዳጅ ካልሆነ ታዲያ ሥራው ምንድን ነው? ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ጥቃቅን አካላት የተሠራ ሲሆን፣ ከ20ዎቹ አሚኖ አሲዶች ዘጠኙን የአዋቂ ሰው አካል ራሱ ማዘጋጀት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት ይኖርበታል። ከባድ ክብደት ያነሳ ጡንቻ ከልምምዱ በኋላ ባሉት 24 ሰዓታትና ከዚያም በላይ ራሱን እየጠገነና እየጨመረ ይቆያል፤ ለዚህም ጥሬ ዕቃው አሚኖ አሲድ ነው። ሉሲን የተባለው አሚኖ አሲድ በተለይ የግንባታውን ሥራ የሚያስጀምር ምልክት ሆኖ ያገለግላል። እንደ ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ ያሉ የብርዕና የአገዳ እህሎች ላይሲን የተባለው ዓይነት ያንሳቸዋል፣ ጥራጥሬዎች ደግሞ በላይሲን የበለጸጉ ሆነው ሜቲዮኒን የተባለው ይጎድላቸዋል፤ እንጀራ በሽሮ፣ እንጀራ በምስር፣ ዳቦ በፉል የሚበላ ሰው አንዱ የጎደለውን በሌላው እየሞላ ነው። ሁለቱ በአንድ ገበታ ላይ መገናኘታቸው እንኳ ግዴታ አይደለም፣ በዚያው ቀን መበላታቸው ይበቃል።

መጠኑን በተመለከተ፣ ስፖርት ለማይሠራ ጤናማ አዋቂ የሚመከረው ዝቅተኛ ልክ በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም ፕሮቲን በቀን ነው። ብረት ለሚያነሳ ሰው ይህ አይበቃም። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ 49 ጥናቶችንና 1,863 ተሳታፊዎችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ፣ የፕሮቲን መጨመር ለጡንቻ ዕድገት የሚሰጠው ጥቅም በአማካይ በኪሎ 1.6 ግራም አካባቢ ሲደርስ መጨመሩን እንደሚያቆም አሳይቷል። 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ በቀን 120 ግራም ማለት ነው። የሚበላው ሁሉ ከዕፅዋት ከሆነ፣ የጥራጥሬ ፕሮቲን ከእንስሳ ፕሮቲን ይልቅ በመጠኑ ለመፈጨት የሚያስቸግር በመሆኑ፣ ትንሽ ከፍ ማድረግ ብልህነት ነው። በብራዚል ሳኦ ፓውሎ የተካሄደና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሙሉ በሙሉ ዕፅዋት የሚበሉ 19 ወጣት ወንዶችን ሥጋም ከሚበሉ 19 ወጣቶች ጋር አነጻጽሮ፣ ሁለቱም ወገኖች በኪሎ 1.6 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኙ ሲደረግና 12 ሳምንት ሲለማመዱ በጡንቻም ሆነ በጉልበት ልዩነት እንዳላሳዩ አመልክቷል። የመጀመሪያዎቹ የጎደላቸውን የሞሉት በአኩሪ አተር፣ ሁለተኞቹ በአጓት ዱቄት ነበር። 12 ሳምንት 84 ቀን ነው፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው።

እዚህ ላይ ወደ ሽሮ ድስት መጠጋት ያስፈልጋል። አንድ ሰው በሚበላው ወጥ ውስጥ የገባው የሽሮ ዱቄት ሦስት ወይም አራት የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም ከ30 እስከ 40 ግራም ከሆነ፣ ከእርሱ የሚገኘው ፕሮቲን ከ6 እስከ 8 ግራም ብቻ ነው፤ ይህም ከአንድ እንቁላል ብዙም አይበልጥም። የቀረው ድስት ሙሉ ነገር ውኃ፣ ዘይት፣ ሽንኩርትና በርበሬ ነው። ሳህኑ ሲሞላ፣ ሽሮው ሲንተከተክና እንጀራው ሲደራረብ የጠገበ ሆድ የበላውን ፕሮቲን ይቆጥረዋል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ ጥጋብና ፕሮቲን አንድ አይደሉም። «ሽሮ እየበላሁ ከሳሁ» የሚለው የብረት አንሺዎች አቤቱታ ብዙ ጊዜ እውነት ሲሆን፣ ጥፋቱ ግን የሽሮው ሳይሆን የቀጠነው ድስት ነው። መፍትሔውም ተራ ነገር ነው፦ ዱቄቱን ውኃ ውስጥ ከመጨመሩ በፊት በወጥ ቤት ሚዛን መመዘን፣ ሚዛን ከሌለ በማንኪያ መቁጠር፣ ወጡንም ወፈር አድርጎ መሥራት። ይህን ለማብሰል ለለመደች እናት «ሽሮ ይመዘናል እንዴ?» የሚያሰኝ ነገር እንደሆነ የታወቀ ነው።

በዚህ ስሌት መሠረት 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የአንድ ጾም ቀን ማዕድ ሊዘጋጅ ይችላል። ክብደቱ ሳይበስል የተለካ 100 ግራም ምስር 24 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል፤ 80 ግራም የሽሮ ዱቄት 16 ግራም ያህል፤ ከ200 ግራም የጤፍ ዱቄት የተጋገረ እንጀራ ከ20 ግራም በላይ፤ 100 ግራም አኩሪ አተር፣ ተቆልቶ ወይም በደንብ ተቀቅሎ፣ 36 ግራም ያህል፤ 50 ግራም ኦቾሎኒ 12 ግራም፤ 60 ግራም የገብስ በሶ 6 ግራም ያህል። ድምሩ ወደ 120 ግራም ይጠጋል፤ ለወጡ የሚገባው የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ሲታከልበትም የሚገኘው ኃይል ከ2,500 ኪሎ ካሎሪ ይበልጣል። አኩሪ አተር ጥሬውን እንዳይበላ የሚመከርበት ምክንያት በውስጡ ፕሮቲን የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ሥራ የሚያግድ ንጥረ ነገር ስላለ ሲሆን፣ ሙቀት ይህን ያጠፋዋል። ብዙዎች አኩሪ አተርን ከሽሮ እህል ጋር አስፈጭተው ይጠቀሙበታል፤ ይህ ጥሩ ዘዴ ነው፣ ጣዕሙን ብዙም ሳይለውጥ የድስቱን ፕሮቲን ከፍ ያደርጋልና።

ከሽሮ እህሎች ውስጥ ግን በአንዱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ እርሱም ጓያ ነው። ጓያ በድርቅ የሚጸና፣ ርካሽና በፕሮቲን የበለጸገ ጥራጥሬ በመሆኑ ለገንዘብ አጭር ስፖርተኛ የተመቸ ሊመስል ይችላል፤ ይሁን እንጂ ለብዙ ሳምንታትና ወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ በውስጡ ያለው መርዛማ አሚኖ አሲድ የነርቭ ሥርዓትን ጎድቶ እግርን ለዘለቄታው ሽባ የሚያደርግ ላቲሪዝም የተባለ በሽታ ያስከትላል፤ ይህም በኢትዮጵያ በተለያዩ ጊዜያት በወረርሽኝ መልክ ታይቷል። አልፎ አልፎ ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ የሚበላ ጓያ የዚህን ያህል ባያሰጋም፣ በቀን ብዙ ሽሮ ለመብላት ያሰበ ሰው ዱቄቱን ከሚያውቀው ወፍጮ ቤት፣ እህሉንም በዓይኑ አይቶ ማስፈጨቱ ተገቢ ነው።

የጾሙ ሰዓት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምስ የሚቆይ ሰው የሚበላው ከ9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ፣ 120 ግራሙን በአንድ ትልቅ ገበታ ከመጨረስ ይልቅ በሦስት መክፈሉ ይሻላል፤ በአንድ ጊዜ ከ30 እስከ 40 ግራም የሚደርስ ፕሮቲን የጡንቻን ግንባታ በሚገባ ለማስነሣት በቂ ነው። ልምምዱን ከጾም መፍቻው ምግብ ሁለት ሰዓት ያህል በኋላ፣ ማለትም ወደ ምሽት፣ ማድረግ ባዶ ሆድን ከማስጨነቅ ያድናል፤ ጡንቻ ለከባድ ማንሳት የሚጠቀምበት ግላይኮጅን፣ ይኸውም በጡንቻ ውስጥ የተከማቸ ስኳር፣ በእንጀራውና በበሶው መሞላት የሚጀምረው በዚሁ ጊዜ ነውና። በረመዳን የሚጾም ሙስሊም ስፖርተኛ ውኃም ስለማይጠጣ ሁኔታው ይከብዳል፤ ከኢፍጣር በኋላ ባለው ምሽት መለማመድና በሱሑር ሰዓት ፕሮቲን ያለበትን ምግብ መብላት ለእርሱ የተሻለው መንገድ ነው።

በጾም ጊዜ ከፕሮቲን ይልቅ ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ብረት ማዕድንና ቫይታሚን ቢ12 ናቸው። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ብረትንና ዚንክን ይዞ አንጀት እንዳይመጥጣቸው ያደርጋል፤ እርሾ ገብቶበት ሁለት ሦስት ቀን የቦካ ሊጥ ግን የፋይቴቱን መጠን ይቀንሰዋል፤ ስለዚህ በደንብ የኮመጠጠ እንጀራ ለብረት አንሺ ከቂጣ ይመረጣል። ሎሚ፣ ቃርያና ቲማቲም በያዙት ቫይታሚን ሲ ብረቱ እንዲመጠጥ ሲረዱ፣ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ የሚጠጣ ቡናና ሻይ በተቃራኒው ያግዱታል፤ ከምሳ በኋላ የሚፈላው ቡና አንድ ሰዓት ቢዘገይ ከቡናው ደስታ የሚጎድል ነገር የለም። ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮው በእንስሳት ተዋጽኦ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ቢሆንም፣ ጉበት ለረጅም ጊዜ የሚበቃ ክምችት ስላለው በፍስክ ቀናት ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት የሚያገኝ ሰው በጾም ወራት አይቸገርም፤ ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳ ተዋጽኦ የሚታቀብ ግን እንክብል ሊወስድ ይገባዋል።

ፍስክ ሲገባ ደግሞ ሌላ ልማድ ይመጣል፤ ጠዋት ጠዋት አምስት ስድስት ጥሬ እንቁላል ሰብሮ በብርጭቆ መጠጣት። ይህን ልማድ የሚያራምዱ ሰዎች ሙቀት ፕሮቲኑን «ይገድለዋል» ይላሉ። በቤልጂየም የተካሄደና በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን የበሰለ እንቁላል ፕሮቲን 91 በመቶው፣ የጥሬው ደግሞ 51 በመቶው ብቻ እንደሚፈጭ አሳይቷል፤ ስድስት ጥሬ እንቁላል የጠጣ ሰው ወደ ሦስቱ የሚጠጋውን ያባክናል ማለት ነው። ከዚህ በላይ የሳልሞኔላ አደጋ አለ፤ የጥሬው እንቁላል ነጭ ክፍልም ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን ያስራል። ጥሬ ሥጋን፣ ቁርጥንና ክትፎን በተመለከተም ጥሬነታቸው የሚጨምረው የፕሮቲን ጥቅም የለም፤ ከበሰለው ሥጋ ጋር እኩል ናቸው። ልዩነቱ የኮሶ ትል ነው፤ ያልበሰለ የበሬ ሥጋ የሚያስተላልፈው ይህ ጥገኛ ትል በአንጀት ውስጥ ሆኖ ከባለቤቱ ምግብ ይካፈላል፤ ለጡንቻው በግራም እየቆጠረ ለሚበላ ሰው ደግሞ ይህ የማይፈለግ እንግዳ ነው። የቁርጥ ፍቅር በሳይንስ የሚፈታ ነገር አይደለም፤ ቢያንስ ግን ጉልበት ለማግኘት ብሎ ጥሬ የሚበላ ሰው ምክንያቱን ሊያስተካክል ይገባል።

ከተጨማሪ ንጥረ ምግቦች መካከል በማስረጃ የጸናው ክሬቲን ነው። ክሬቲንን ፈረንሳዊው ኬሚስት ሼቭረል በ1832 እ.ኤ.አ. ከሥጋ አውጥቶ ለየው፤ በጡንቻ ውስጥ ለአጭርና ለከባድ ጥረት የሚያገለግለውን ኃይል በፍጥነት ለመተካት ይረዳል። በአንድ ኪሎ ጥሬ የበሬ ሥጋ ውስጥ ከ4 እስከ 5 ግራም ያህል ብቻ ሲኖር፣ የሚመከረው የየዕለቱ መጠን ከ3 እስከ 5 ግራም በመሆኑ ከምግብ ብቻ ማሟላት ይከብዳል። ከዕፅዋት ብቻ የሚመገቡ ሰዎች በጡንቻቸው ያለው ክምችት ዝቅ ያለ ስለሆነ ከሌሎች የበለጠ ለውጥ ያያሉ፤ በገበያ የሚሸጠው ክሬቲን በፋብሪካ በኬሚካል የሚዘጋጅ በመሆኑም ከእንስሳ የተገኘ ነገር የለበትም። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪም ሳያማክር ሊጀምረው አይገባም። የሌሎቹን ዱቄቶችና እንክብሎች ነገር በአጭሩ ለማለፍ፣ በጀርመን ኮሎኝ ከተማ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከ13 አገሮች የተገዙ 634 ተጨማሪ ንጥረ ምግቦችን መርምረው በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ 94ቱ፣ ማለትም 14.8 በመቶ የሚሆኑት፣ በማሸጊያቸው ላይ ያልተጻፈ የሆርሞን ተዋጽኦ ተገኝቶባቸዋል። በዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች መድኃኒቶች ሕግ መሠረት ደግሞ በሰውነቱ ለተገኘው ነገር የሚጠየቀው ስፖርተኛው ራሱ ነው፤ «አላወቅሁም» ማለቱ ጥፋቱን አይሽረውም። ከሻንጣ የሚሸጥ፣ ከውጭ ዘመድ የላከው ወይም አሠልጣኝ ያቀረበው ዱቄት ስንት እጅ እንደዞረ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

በክብደት ምድብ የሚወዳደር ሰው ከዚህ ሁሉ በተጨማሪ የሚዛን ጭንቀት አለበት። ላስቲክ ለብሶ በመሮጥ፣ በሙቅ ክፍል በመቀመጥና ውኃ በመተው በጥቂት ቀናት ብዙ ኪሎ መጣል በትግልም በክብደት ማንሳትም የተለመደ ሲሆን፣ የሚጠፋው ግን ውኃ እንጂ ስብ አይደለም። በ1997 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በአሜሪካ ሦስት የኮሌጅ ታጋዮች በዚህ ዓይነት ክብደት መጣል ምክንያት ከአምስት ሳምንት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ሕይወታቸው በማለፉ፣ የኮሌጅ ስፖርት አስተዳዳሪዎች የሙቅ ክፍልንና የላስቲክ ልብስን ከልክለው የሚዛኑን ሕግ ለመለወጥ ተገደዋል። ክብደት መቀነስ ያለበት ሰው ከብዙ ሳምንት በፊት ጀምሮ ከዘይቱና ከእንጀራው በጥቂቱ እያጎደለ፣ ፕሮቲኑን ግን ሳይነካ ወደ ምድቡ ቢወርድ ጡንቻውን ይዞ ይደርሳል። በክብደት ማንሳት ውድድር ሚዛን የሚወጣው ውድድሩ ከመጀመሩ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ በመሆኑ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ጥቂት ጨው የገባበት ውኃ፣ የበሰለ ሙዝ፣ ዳቦ በማር ወይም በስኳር የተበጠበጠ በሶ ለመፈጨት ስለማያስቸግሩ ይመቻሉ፤ ባቄላና ሽሮ ግን ሆድ የሚነፉ በመሆናቸው ከመጨረሻው ማንሳት በኋላ ይበላሉ።